ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊውን ሜትር

ልጆቼ፣

ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው ኪሎውን ለቁመቱ፣ ውጤቱንም ደግሞ ለቁመቱ ቢያካፍል 24.2 ያገኛል። በተለመደው መለኪያ ውፍረት ከ25 ስለሚጀምር «ደህና ነህ» ተብሎ ይሸኛል። እንግሊዝ አገር ያለ ሐኪም ግን የአፍሪካ ወይም የእስያ ዝርያ ላለው ሰው ከ23 ጀምሮ ይጠነቀቃል፤ 27.5 ከደረሰ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል።

ነገሩ ያለው ስቡ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ዳሌና ጭን ላይ ከቆዳ ሥር ያለው ብዙም አያስቸግርም። ጉበትና አንጀትን ከቦ የሚቀመጠው ግን ስኳሩንም ግፊቱንም ያናጋል። የደቡብ እስያ ሰዎች ይህን ስብ የሚያጠራቅሙት ገና ሳይወፍሩ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በተመሳሳይ ክብደት ከነጮች ያነሰ የሆድ ዕቃ ስብ አላቸው፤ የደም ግፊት ግን ቀድሞ ይይዛቸዋል። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስባቸው ደህና ሆኖ ስኳሩ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የደም ስብ ብቻ ታይቶ «ነፃ ነህ» ማለት ስህተት ነው፤ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳርም ይታይ። ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችንን ያጠኑ ሐኪሞች፣ ስኳርና ግፊት ከሌላው ሕዝብ በለጋ ዕድሜና በቀጭን ሰውነት እንደሚይዛቸው አይተዋል። ደማቸው እኮ አውሮፕላን ላይ አልተለወጠም፤ ምግቡና እንቅስቃሴው ነው የተለወጠው።

ስለዚህ ሜትር ግዙ። ልብሳችሁን ገለጥ አድርጋችሁ፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሻችሁን በዝግታ አውጥታችሁ ለኩ። ሆድን መሳብ የለም! ቀበቶ የሚታሰርበት ላይ መለካትም ያሳስታል፤ ቦርጫም ሰው ሱሪውን የሚታጠቀው ከቦርጩ በታች ነዋ። ልኩ ከቁመታችሁ ግማሽ ይነስ፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ለሆነ ሰው ከ85 በታች ማለት ነው።

ሴቶች የልብ ሕመም ከወንዶች ከ7 እስከ 10 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው የሚመጣባቸው። የወር አበባ ሲቋረጥ ግን ስቡ ወደ ሆድ ይዞራል። ስኳር ያለባት ሴት ደግሞ ይህን የመዘግየት ዕድል አብዛኛውን ታጣዋለች። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር ይዟት የነበረች፣ ከወሊድ በኋላ ቢጠፋላትም ለሐኪሟ ሁልጊዜ ትንገር፤ ስኳር ከነበረ ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ትመርመር። ደረት ሲጨንቅ የልብ ሕመም ምልክቱ ግልጽ ነው። በሴቶች ላይ ግን ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ «ጨጓራዬ ነው» ብለው ቤት የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

ግፊት ስትለኩ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ ጀርባችሁ ይደገፍ፣ እግራችሁ አይጣመር፣ ክንዳችሁ በልብ ልክ ይረፍ። ከመለካታችሁ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ። ክንዳችሁ ወፍራም ከሆነ ሰፊውን መጠቅለያ ጠይቁ፤ ጠባቡ ግፊትን ከሆነው በላይ ያሳያል።