ኮሚቴው «ለምን 36 አይጥ?» ብሎ ሲመልስብሽ

የጻፈችልኝ ሐዋሳ ፋርማኮሎጂ ማስተርስ የምትማር ፋርማሲስት ናት። አንድ የባህል መድኃኒት ተክል የደም ስኳር ያወርድ እንደሆነ በአይጥ ልትሞክር ያስገባችውን ፕሮፖዛል የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁለት ጊዜ መልሶባታል። የቤት ኪራይዋን የሚከፍልላት ታላቅ ወንድሟ «ለአይጥ ፈቃድ ስትለምኚ ዕድሜሽ አለቀ፤ ትተሽው መናኸሪያ አጠገብ የምከፍተውን ፋርማሲ ያዢ» ይላታል። እንግሊዝኛዋና የውጭ ፒኤችዲም ያሳስቧታል።

እህቴ፣ እዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ብዙ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ እንስሳት ተንከባካቢ ነበርኩ። በዚያ ቤት «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ሰጋቱራው ርሷል፣ የውሃ ጠርሙሶቹ ባዶ ናቸው፤ አይጦቹ ጀርባቸውን አጉብጠው፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ጥግ ላይ ተጠጋግተዋል። ለጥናት ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ ነበሩ። ስኳር የያዘው አይጥ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፤ ይህን አስቀድሞ ያሰበላቸው የለም። ግማሾቹ ሞቱ፣ ጥናቱም ከንቱ ቀረ። ስለዚህ ኮሚቴሽን አላማውም።

ለምን 36 ሲሉሽ «ቀደም ያሉ ጥናቶች ይህን ያህል ተጠቅመዋል» ብለሻል። ይህ መልስ አይሆንም። ምን ያህል የስኳር ልዩነት ማየት እንደምትፈልጊ ወስኚና ስታቲስቲክስ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጥሩን አስሉት። ሌሊቱን ሙሉ አስጾማቸዋለሁ ብለሻል፤ አይጥ ግን የሚበላው በሌሊት ነው፣ ብዙ ክብደት ይጥላል። ቀን ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓታት ለሚሆን ጊዜ ማስጾም ይበቃሻል። ለመርዛማነት ሙከራው ግማሾቹ እስኪሞቱ መጠን የሚጨመርበትን የድሮ ዘዴ ጠቅሰሻል፤ የዚያ መመሪያ፣ የኬሚካል መፈተሻ መመሪያዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት የኦኢሲዲ ቁጥር 401፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል። በዚያው ድርጅት መመሪያ 425 የገደብ ሙከራ፣ ማለትም አንድ ከፍተኛ መጠን ብቻ በሚሞከርበት፣ ከ5 አይጥ በላይ አያስፈልግሽም። «መቼ ታቆሚያለሽ?» የሚለውን ደግሞ ባዶ ትተሽዋል። የአንዲት አይጥ ክብደት 20 በመቶ ከቀነሰ፣ መብላት ካቆመች ከሙከራው አወጣታለሁ ብለሽ በግልጽ ጻፊ። እንግሊዛውያኑ ሳይንቲስቶች ራስልና በርች በ1959 እ.ኤ.አ. ያስቀመጡት ይህንኑ ነው፦ በሌላ መተካት፣ ቁጥር መቀነስ፣ ስቃይ ማቅለል።

በደብዳቤሽ «አይጥ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ለሙያው አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ብለሻል። አያያዙ ይለመዳል። ማዘኑን ግን ተይው አልልሽም፤ እዚያ ቤት ውስጥ የጎደለን እሱ ነበር። ክትባት የሚመረትበት፣ መድኃኒት የሚፈተሽበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ወንድምሽ እቅጩን ልንገርሽ። ፋርማሲ ያለ ባለሙያ ፈቃድ አይከፈትም፤ የፈለገው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ፈቃድሽን ይመስለኛል። ኪራይ ስለከፈለልሽ ሙያሽን አይመርጥልሽም። ግን ገንዘቡ እውነት ነውና ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ ተረኛ የሚፈልግ ፋርማሲ ፈልጊ፣ የኪራዩን ግማሽ ራስሽ ቻዪ።

እንግሊዝኛሽ ለደብዳቤው በቅቷል፣ ለፕሮፖዛሉም ይበቃል። ፒኤችዲው ይህ ጥናት ከታተመ በኋላ ይታሰብበታል፤ ጆርናሎቹም የኮሚቴውን የማጽደቂያ ቁጥር ይጠይቁሻል።

ሰኞ ጠዋት እንስሳቱ ቤት ግቢና ከተንከባካቢው ጋር ዋዪ። ሰጋቱራው በቀን ስንት ጊዜ ይቀየራል፣ ሌሊት ውሃውን ማን ያያል ብለሽ ጠይቂው፤ የነገረሽንም ፕሮፖዛሉ ላይ ጨምሪው።