አዲስ ቦይለር ከመግዛትዎ በፊት የተቃጠለውን ሬዚስታንስ ይመልከቱት

ጤና ይስጥልኝ። ከቀበሌ 14 የጻፉልን እህታችን ያነሱት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባለ 50 ሊትር የመታጠቢያ ቤት ቦይለራቸው በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውኃውን የሚያሞቀው ዕቃ፣ ተቃጥሎ ተቀይሯል። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ውኃው ለብ ከማለት አያልፍም፤ ልጆቹ ሲታጠቡም የሻወሩ ቧንቧ ይነዝራቸዋል። ባለፈው ዓመት የቤቱን የብረት ቧንቧ አስወጥተው በፕላስቲክ አስቀይረዋል። ጠጋኙ «ቦይለሩ አልቆለታል፤ አዲስ ግዙ» ብሏቸዋል። እኔ በባሕር ዳር መኖሪያ ቤቶችና በሐይቁ ዳር ባሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ቦይለር ስገጥምና ስጠግን አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛልና ያየሁትን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ተነሥተው የቦይለሩን ብሬከር ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ያጥፉት፤ ችግሩ እስኪገኝ ድረስም ማንም ሰው በዚያ ቦይለር ውኃ አይታጠብ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም። ብዙ ጊዜ ያ ማብሪያ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚያቋርጠው፤ ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ (በፌዙ) ፈንታ የመመለሻውን ሽቦ (ኒውትራሉን) እንዲያቋርጥ ተደርጎ የተገጠመባቸው ቤቶችም በተደጋጋሚ አጋጥመውኛል። እንዲህ ባለ ቤት መብራቱ ጠፍቶ እንኳን ሬዚስታንሱ ላይ ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። የሚነዝር ቧንቧን «ትንሽ ነው፣ ለምደነዋል» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ እውነቱን ለመናገር ልቤ ይደነግጣል፤ እርጥብ ገላና እርጥብ ወለል ባለበት ትንሽ የሚባል መንዘር የለም።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ። ቧንቧውን ካስቀየሩ በኋላ መንዘር መጀመሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ቀድሞ በተሠሩ ብዙ ቤቶች የመሬት መስመር፣ ማለትም ኧርዝ የሚባለው ሽቦ፣ በአግባቡ አልተዘረጋም፤ ይሁን እንጂ የብረት ቧንቧው ራሱ መሬት ውስጥ የተቀበረ ስለነበር ከቦይለሩ የሚያመልጠውን ኤሌክትሪክ ሳይታወቅ ወደ መሬት ያወርደው ነበር። የብረቱ ቧንቧ ወጥቶ ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሲገባ ያ መውረጃ ተዘጋ። ሬዚስታንሱ ምናልባት ከዚያ በፊትም ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር፤ አሁን ግን የሚሄድበት ስላጣ በውኃው በኩል መጥቶ የሻወሩን ብረት ለነካ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ጥገና ያስፈልግዎታል፦ የሚያፈሰውን ዕቃ መለወጥና የጠፋውን የመሬት መስመር መመለስ። አንዱን ብቻ ሠርቶ መተው ችግሩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነው።

ማፍሰሱን ለማወቅ ብሬከሩ ጠፍቶ፣ ሽቦዎቹ መሞታቸው በቴስተር ተረጋግጦ፣ የታችኛው ክዳን ይከፈትና ሁለቱ ሽቦዎች ከሬዚስታንሱ ይነቀላሉ። ከዚያ በመልቲሜትር በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲለካ፣ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ 32 ኦም ገደማ፣ ባለ 2,000 ዋት ከሆነ 24 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ውስጡ ተበጥሷል። ቀጥሎ አንዱ ጫፍና የቦይለሩ ብረት አካል መካከል ይለካል፤ እዚህ ላይ መልቲሜትሩ ምንም ቁጥር ማሳየት የለበትም። 10 ኪሎ ኦም ቢያሳይ በ220 ቮልት 22 ሚሊ አምፔር ሊፈስ ይችላል ማለት ነው፤ ይህ መጠን የሰውን ጡንቻ አጨማድዶ የያዘውን እንዳይለቅ ለማድረግ የሚበቃ ነው። ተራ መልቲሜትር የሚለካው በትንሽ ባትሪ ስለሆነ ስስ ስንጥቅን ሊያልፈው ይችላል፤ በ500 ቮልት የሚለካ የኢንሱሌሽን መለኪያ ያለው ባለሙያ ካገኙ እሱ ይመረጣል።

የመሬት መስመሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠነቅቅ። አንዳንድ ሠራተኞች ሥራ ለማሳጠር የቦይለሩን ኧርዝ እዚያው ሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራል ጋር ያስሩታል። መንዘሩ ወዲያው ስለሚጠፋ ባለቤቱ አመስግኖ ይከፍላል። ነገር ግን አንድ ቀን ያ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ የቦይለሩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ትክክለኛው መንገድ መዳብ የለበሰ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ራሱን የቻለ ሽቦ እስከ ቦይለሩ ድረስ መሳብ ነው። የእኛ ዋልካ አፈር በክረምት ርሶ ኤሌክትሪክን ጥሩ አድርጎ ይቀበላል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ደርቆ ይሰነጠቃልና ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይደክማል። ስለዚህ ዘንጉ ጥልቅ ይሁን፣ ቢቻል የልብስ ማጠቢያው ውኃ በሚፈስበት እርጥብ ቦታ ይቀበር፣ ልኬቱም በበጋ ይወሰድ። በዚህ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ በራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ለቦይለሩ መስመር ያስገጥሙ። ከሁሉም ወጪዎ ለልጆችዎ የሚጠቅመው ይህ ነው።

አሁን ሬዚስታንሱ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚቃጠል እንይ። የወጣውን አሮጌ ሬዚስታንስ አልጣሉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የበሽታው ታሪክ ያለው እሱ ላይ ነው። በነጭ፣ እንደ ኖራ በተጋገረ ቅርፊት ተሸፍኖ ከቅርፊቱ ሥር ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ቅርፊቱ ሙቀቱን አፍኖ ነው የገደለው። ቅርፊት ሳይኖረው ብረቱ ጠቁሮ ወይም ወደ ሰማያዊ አድልቶ፣ እንደተላጠ ሸንበቆ በርዝመቱ ተተርትሮ ከሆነ ግን ያለ ውኃ ነው የነደደው። በሁለት ዓመት ያለቀ ከሆነ የመጀመሪያውን እጠረጥር ነበር። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ከሆነ ግን የምጠረጥረው ሁለተኛውን ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በአንድ ቦይለር ላይ ሦስት ሬዚስታንስ ተራ በተራ ቀየርኩ፤ በየጊዜው «ዕቃው ጥራት የለውም» እያልኩ ባለቤቲቱን አስወጣኋቸው። ሦስተኛውን በቀየርኩበት ቀን ግቢው ውስጥ አትክልት የሚያጠጣው ልጅ «ጋሼ፣ ውኃ ሲጠፋ የአትክልቱ ቧንቧ ሙቅ ውኃ ያመጣል» አለኝ። እጄን ከቧንቧው ሥር አስገባሁ፤ እውነትም የሚፋጅ ውኃ ነበር። የከተማው ውኃ ሲቋረጥ የቦይለሩ ውኃ በገባበት ቧንቧ ወደ ኋላ እየተመለሰ ዝቅ ብሎ ወዳለው የግቢ ቧንቧ ይወርድ ነበር። ይህን መከልከል የነበረበት ውኃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቼክ ቫልቭ ነው። ፈትቼ ሳየው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጠጠር ምላሱ ሥር ገብታ ክፍት አድርጋ ይዛዋለች።

ሙቅ ውኃው የሚወጣበት ቧንቧ አፉ ገንዳው ውስጥ ከላይ ስለሆነ ቦይለር በተፈጥሮው ውኃ ቢጠፋም ባዶ አይሆንም። ባዶ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ ቼክ ቫልቩ ሲያሳልፍ፣ እንዲሁም ላይ አየር ሲገባ። አየሩን የምናስገባው እኛው ነን፤ ውኃ መጥፋቱን ለማየት የሻወሩን ሙቅ ቧንቧ እንከፍትና ሳንዘጋው እንሄዳለን። ቦይለሩ በዚያው ይራቆታል፣ ሬዚስታንሱ አየር ላይ ይግላል፣ ሌሊት ውኃው ሲመጣ ደግሞ የጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ዓይነት ዕቃ አይበረክትም። እርስዎም ቤት ለማረጋገጥ ብሬከሩ እንደጠፋ ዋናውን መዝጊያ ይዝጉ፣ ዝቅ ብሎ ያለውን የግቢ ቧንቧ ይክፈቱ፣ ሻወሩንም በሙቁ በኩል ይክፈቱ። በግቢው ቧንቧ ውኃ ሳያቋርጥ መውረዱን ከቀጠለ ቫልቩ እያሳለፈ ነው። ሮቶ ካለዎትና ቀዝቃዛው ቧንቧ አልፎ አልፎ ለብ ያለ ውኃ የሚያመጣ ከሆነም ምክንያቱ ያው ነው። መፍትሔው ቫልቩን ለውጦ ከፊቱ ወንፊት ያለው ማጣሪያ ማስገባትና ውኃ በጠፋ ቁጥር ብሬከሩን ማጥፋትን ልማድ ማድረግ ነው።

ማታ ማታ ውኃው ለብ ማለቱን ከቦይለሩ ጋር አያያይዙት፤ በእኔ ግምት ይህ የቮልቴጅ ጉዳይ ነው። 50 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ ባለ 1,500 ዋት ሬዚስታንስ ሙሉ 220 ቮልት ካገኘ ይህን በአንድ ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ግን ኃይሉ የሚቀንሰው በዚያው ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነውና 1,000 ዋት ገደማ ብቻ ይቀራል፤ ጊዜውም ወደ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይረዝማል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አምፖልና ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት፣ እርስዎም ቤት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በተለኮሰበት ጊዜ፣ በቦይለሩ ጫፍ ላይ ቮልቴጁን ያስለኩ። ምጣዱ ሲጠፋ ብቻ ቁጥሩ ከፍ የሚል ከሆነ ችግሩ የቤትዎ ሽቦ መቅጠን ነው፤ ለቦይለሩ ከሳጥኑ የሚነሣ ለብቻው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ይዘርጋ። ምጣዱ ጠፍቶም ዝቅ እንዳለ ከቀረ የሰፈሩ መስመር ነውና ቦይለሩን ከሰዓት በኋላ፣ መስመሩ ሳይጨናነቅ ማብራት ይሻላል። ሙቀቱ ተይዞ ይቆያል።

ክዳኑ ከተከፈተ አይቀር ውስጡም ይታጠብ። ባለፈው ጥቅምት ሽንብጥ አካባቢ ለስድስት ዓመት ያልተከፈተ ባለ 80 ሊትር ቦይለር ስፈታ እንደ እርጥብ አሸዋ ያለ ደለል ግማሽ ባልዲ ወጣ፤ ውስጡ ያለው የማግኒዥየም ዘንግም ሽቦው ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህ ዘንግ በገንዳው ብረት ፈንታ ራሱ እየተበላ ገንዳውን ከዝገት የሚጠብቅ ነውና በየሁለት ዓመቱ መታየት አለበት፤ ብዙ ጠጋኞች ሬዚስታንስ ሲለውጡ እሱን ሳይነኩት ያልፋሉ። ቅርፊቱን በካቻቢቴ አይፋቁት፤ ሬዚስታንሱን ጫፎቹን ሳያስነኩ አቼቶ ውስጥ አሳድሮ በውኃ ማጠብ ይበቃል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ከ60 ዲግሪ በላይ አያስጨምሩት፤ ከዚያ በላይ ቅርፊቱ በጣም ይፈጥናል፣ 60 ዲግሪ ራሱም የልጅን ገላ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላልና ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት ያስፈልጋል።

ትርፍ ግፊትን ከሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ ካዩ እንዳያሳስብዎት። 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ በሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ይሰፋል፤ የሚንጠባጠበው ያ ትርፍ ነው። ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ የሚፈስ ከሆነ ቫልቩ ይለወጥ። ያንን ቀዳዳ በእንጨት ወይም በማስቲሽ መድፈን ግን ፈጽሞ አይደረግም። የቴርሞስታቱን መከላከያ በሽቦ ማሻገርም እንዲሁ ነው። በእኛ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ በክፍት ድስት 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ መተንፈሻው ተደፍኖ ከዚያ በላይ የጋለ ገንዳ ቢተረተር ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ግድግዳ ያፈርሳል።

«አዲስ ግዙ» የሚለውን ምክር የምቀበለው በአንድ ሁኔታ ነው፦ ውኃው ከገጣጠሚያዎቹና ከጎማ ማሸጊያው ሳይሆን ከገንዳው ሆድ የሚመጣ ከሆነ። ያ ገንዳ ከውስጥ ዝጎ ተበስቷል፤ በብየዳ አይመለስም። ከጻፉት እንደተረዳሁት ግን የእርስዎ ገንዳ ውኃ አያፈስም። ሬዚስታንስ፣ ቼክ ቫልቭና የማግኒዥየም ዘንግ ቢለወጥ፣ የመሬት መስመሩም ቢዘረጋ፣ ቦይለሩ ገና የሚያገለግል ይመስለኛል፤ አዲስ ቢገዙም መስመሩና ቫልቩ ካልተስተካከለ አዲሱም እንዲሁ ይቃጠላል፣ እንዲሁም ይነዝራል። አሮጌውን ሬዚስታንስ በብርሃን ፎቶ አንሥተው፣ በጫፎቹ መካከልና ከአካሉ ጋር የተለካውን ኦም፣ ምጣድ በርቶና ጠፍቶ የተለካውን ቮልቴጅም ጨምረው እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ቁጥሮቹን አይቼ የትኛው ዕቃ በቅድሚያ መገዛት እንዳለበት እነግርዎታለሁ።