«ሻት ዳውን» ሲባል መልሶ የሚነሣው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ የአዳማ ነዋሪ ነኝ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት የቤታችን አሮጌ ዴስክቶፕ «ሻት ዳውን» ስለው የጠፋ መስሎ ወዲያው እንደገና ይነሣል። ሲመረኝ ሶኬቱን እነቅለዋለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሶኬቱን መንቀሉን ይተዉት፤ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ፋይል ሊበላሽ ይችላልና። ለጊዜው፣ ሲነሣ የአምራቹ አርማ እንደታየ፣ ዊንዶውስ መጫን ሳይጀምር፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙት።

ብዙ ሰው በአዳማ አቧራና ሙቀት ያመካኛል፤ ሙቀት ግን በአብዛኛው በሥራ መሐል ድንገት ያጠፋል እንጂ ሲዘጉት መልሶ አያስነሣም። እኔ የምጠረጥረው ድራይቨር (ሲስተሙን ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ነው፦ በመዘጋት ላይ ሳለ ስሕተት ይፈጠራል፤ ሲስተሙም በስሕተት ጊዜ በራሱ እንዲነሣ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ስሕተቱን የሚገልጸው ሰማያዊ ገጽ ሳይነበብ ያልፋል። ስለዚህ «ኮምፒውተር» የሚለውን በቀኝ ክሊክ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡ፤ ከዚያም በ«ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ሥር «ሴቲንግስ» የሚለውን ከፍተው ከ«ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ምልክቱን ያንሡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሰማያዊው ገጽ ቆሞ ከጠበቀዎት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ አንዳንዴ የጥፋተኛው ፋይል ስም እዚያው ይጻፋል። ገጹ ካልመጣ ፕሪንተሩንና ሌሎች በዩኤስቢ የተሰኩትን ነቅለው እንደገና ይዝጉት።