ስለ ሞት ቅጣት ጠይቁኝ

የሞት ቅጣት ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ። ኋላ «አድልተሃል» እንዳልባል ከወዲሁ ልናገር። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰው ነፍስ ያጠፋ የራሱ ነፍስ ቢጠፋ ምን ነውር አለው? የእጁን ነው ያገኘው።

ገዳይ በሚገባ ይቀጣ በሚለው አንጣላም። የምንጣላው «ገዳዩ እሱ ነው» ብሎ የሚፈርደው ሰው ስለሆነ ነው። ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ጃፓን ውስጥ ኢዋኦ ሃካማዳ የሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ ነበር። በ1966 የሚሠራበት ፋብሪካ አለቃ ከነቤተሰቡ ተገደለ፤ በጠቅላላው 4 ሰዎች። ሃካማዳ ተያዘ። ለቀናት ከረር ያለ ምርመራ ሲደረግበት ቆይቶ «አዎ» አለ፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ግን ካደ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የገዳዩ ነው የተባለ ደም የነካው ልብስ በዚያው ፋብሪካ ሚሶ ከሚባለው የአኩሪ አተር ማባያ ጋን ውስጥ «ተገኘ»። ሱሪውን ችሎት ላይ ሲያስለኩት ጠበበው። ሱሪው እምቢ አለ፣ የሞት ፍርዱ ግን ጸና። ደሙም ያን ያህል ጊዜ ማባያ ውስጥ ከርሞ ቀላ እንዳለ መሆኑ ራሱ ጉድ ነው፤ መጥቆር ነበረበት። በ2014 ተለቀቀ። በ2024 ፍርድ ቤቱ ማስረጃው በመርማሪዎች የተፈበረከ ነው ብሎ ነፃ አወጣው። ዕድሜው 88 ደርሶ ነበር። እህቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስለ እሱ ስትሟገት ኖራለች።

ጃፓን ውስጥ የሞት ፍርደኛ ቀኑ መድረሱን የሚያውቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሃካማዳ በየማለዳው የጠባቂ ኮቴ ሲሰማ ምን ይሰማው እንደነበር እስቲ አስበው።

ጥያቄ፦ እሱ የድሮ ነው። አሁን እኮ የዲኤንኤ ምርመራ አለ።

ዲኤንኤ ያሳየን ስንት ጊዜ እንደተሳሳትን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከርክ ብለድስዎርዝ በ1985 የ9 ዓመት ልጅ ገድለሃል ተብሎ ሞት ተፈረደበት። 5 ሰዎች አይተነዋል ብለው መስክረውበታል። አምስት! በ1993 ዲኤንኤ ነፃ አወጣው፤ እውነተኛው ገዳይ የታወቀው በ2003 ነው። ደግሞም ከሩቅ ተኩሶ የሚገድል ሰው ዲኤንኤ ላይተው ይችላል። ያኔ የሚቀረው ያው ምስክር፣ ያው የእምነት ቃል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1973 ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነፃ የወጡት 200 ደርሰዋል። ከ1976 ወዲህ የተገደሉት ከ1,600 በላይ ናቸው። ስምንት ሲገደሉ አንድ ነፃ ይወጣል ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የሚበር አውሮፕላን ቢኖር ማን ይሳፈራል?

ጥያቄ፦ ቢያንስ ሌላውን ያስፈራል፤ አይመስልዎትም?

ቢመስለኝ ደስ ባለኝ፤ ማስረጃው ግን የለም። ካናዳ በ1976 ሻረችው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ100,000 ሰው 3 ያህሉ ይገደል ነበር። በ2003 ቁጥሩ ከ2 በታች ወርዷል። መሻሩ ግድያን ቀነሰ አልልዎትም፤ «ከቀረ አገር ይታረዳል» የተባለው ግን አልደረሰም። ሰው የሚገድለው ወይ በንዴት ነው፣ ወይ ጠጥቶ ነው፣ ወይ አልያዝም ብሎ ነው። ከሦስቱ አንዱም የቅጣት ሕጉን አያገላብጥም።

ጥያቄ፦ ዕድሜ ልክ መቀለብ ወጪው አይከብድም?

አሜሪካ ውስጥ የሚከብደው መግደሉ ነው። ችሎቱ ሁለት ዙር ነው፣ ይግባኙ ዓመታት ይፈጃል፣ ጠበቃው ብዙ ነው። «እንግዲያው ይግባኙ ይጠር» ካልክ ወደ ሃካማዳ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜን ገድለውብኛል። ለእኔ ምን ትላለህ?

እግዜር ያጽናሽ እህቴ። አንቺን ልከራከርሽ አልችልም። እኔም ብሆን በገዛ እጄ ባደርገው ብዬ እመኝ ይሆናል። ሕግና ዳኛ በመሐል የሚገቡት ግን ለእንዲህ ያለው ቀን ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ለዘር ማጥፋትስ? እሱም ይቅር ልትል ነው?

ይህን ሩዋንዳን ብንጠይቃት ይሻላል። በ1998 በዘር ጭፍጨፋው የተፈረደባቸውን 22 ሰዎች በአደባባይ ረሸነች። በ2007 ግን የሞት ቅጣትን ጨርሳ ሻረች። አንዱ ምክንያት፣ ቅጣቱ እያለ ሌሎች አገሮችም ሆኑ ታንዛኒያ፣ አሩሻ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት ተጠርጣሪዎችን አሳልፈው አለመስጠታቸው ነው። የአሩሻው ፍርድ ቤት ራሱ ትልቁ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነበር።

ጥያቄ፦ አሁን ማን ነው በብዛት የሚገድለው?

ቻይና። ቁጥሩ የመንግሥት ምስጢር ነው፤ በሺዎች እንደሚቆጠር ይገመታል። ከእሷ ውጭ የሰብአዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ለ2024 የቆጠረው 1,518 ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢራን፣ የሳዑዲ ዓረቢያና የኢራቅ ድርሻ ነው። በሌላ በኩል 113 አገሮች ለማንኛውም ወንጀል ሽረውታል። ዚምባብዌም በ2024 መጨረሻ ላይ ለመደበኛ ወንጀሎች ሽራለች። የፈረሙት ፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ በወጣትነታቸው ራሳቸው ከሞት ፍርድ ለጥቂት ያመለጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡን የለወጠ ዳኛ አለ?

አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሉዊስ ፓወል። በ1987 ሞት የተፈረደበት የዋረን ማክሌስኪ ጉዳይ ቀረበ። ጆርጂያ ውስጥ ሟቹ ነጭ ሲሆን ገዳዩ ሞት የሚፈረድበት ዕድል እንደሚጨምር ጥናት ቀርቦ ነበር። ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ክርክሩን ውድቅ አደረገ፤ ውሳኔውን የጻፉት ፓወል ነበሩ። በ1991፣ ጡረታ ወጥተው ሳለ፣ የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፈው ሰው «ድምፅዎን የሚለውጡበት ጉዳይ አለ?» ቢላቸው ይህንኑ ጠቀሱ።

ማክሌስኪ በዚያው ዓመት በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ።