የድሮዎቹ ጃጓርና ሮቨር የት ገቡ?

ለንደን ስኖር አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የድሮዎቹን የእንግሊዝ የቅንጦት መኪኖች ግን በመንገድ ላይ አላየሁም ብለው ላነሡት ጥያቄ መልሱ በአመዛኙ ዝገት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ጃጓር ኤክስጄ6 ሸክሙን የሚሸከመው በቦዲው ስለሆነ፣ በብርድ ወራት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከበሮቹ ሥር ያለውን ብረት ከበላው ነገሩ የቀለም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመኪናው ጥንካሬ ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱ የነዳጅ ታንኮች በኋላ ፓራፋንጎዎቹ ውስጥ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሲሆን፣ ክዳኖቻቸው ከላይ ስለሚታዩ መልኩን ያሳምሩታል፤ ዝናብ የሚሰርገውም በዚያው ነው። የኋላ ፍሬኑ ደግሞ ጎማው ላይ ሳይሆን የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጎን በመገጠሙ፣ ዲስክ መቀየር ብቻውን መካኒኩን ረጅም ሰዓት መኪናው ሥር ያውለዋል።

የጥገናው ሂሳብ ከመኪናው ዋጋ ሲበልጥ ባለቤቱ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ፣ አለዚያም መኪኖች ሆን ብለው እየተላተሙ ለሚሽቀዳደሙበት ውድድር ይሸጠዋል፤ ይህን ሁለተኛውን እኔ በበኩሌ ይቅር ለማለት ይከብደኛል። ማርጋሬት ታቸር እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ወደ መኖሪያና ቢሯቸው ዳውኒንግ ስትሪት የገቡበት ዓይነት ሮቨር ፒ5ቢ ሌላም ጠላት ነበረው፤ 3.5 ሊትሩ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደር) ሞተር አሉሚኒየምና ቀላል በመሆኑ፣ ሌላ መኪና ላይ ሊገጥሙት የሚፈልጉ ሰዎች ሞተሩን እያወጡ ቀሪውን ጥለውታል።

የተረፉት 40 ዓመት ሲያልፋቸው ከመንገድ ግብርና ከግዴታ ዓመታዊ ምርመራ ነፃ ይሆናሉ፤ ሆኖም አብዛኞቹ ተሸፍነው ስለሚከርሙ፣ ማየት ከፈለጉ ፀሐይ የወጣበትን እሑድ ጠዋት መርጠው ወደ ገጠሩ መንገድ ብቅ ይበሉ።