የቅኝ ግዛት ዘመን ፍልሰትን ማጥናት መተዳደሪያ ይሆነኛል?

በአዲስ አበባ ታሪክ ተምረው አሁን ፊላዴልፊያ የሚኖሩት ጠያቂያችን፣ ከአውሮፓ ወደ ቅኝ ግዛቷ አሜሪካ የፈለሱ ቤተሰቦችን የዘር ሐረግ ማጥናት መተዳደሪያ ሊሆናቸው ይችል እንደሆነ፣ እንዲሁም ደንበኞች «የእኛን ቅድመ አያት ኢትዮጵያዊ ከየት ያውቀዋል?» ብለው ይሸሹኛል ወይ ሲሉ ጠይቀውኛል።

ሁለተኛውን ላስቀድም። ደንበኛ የሚከፍለው ለማስረጃ ስለሆነ፣ ማስረጃው ከጸና የአጥኚው ትውልድ አገር ብዙም አያነጋግርም። ገቢው ግን ስም እስኪያተርፉ ድረስ የሚቆራረጥ ነውና፣ የያዙትን ሥራ ሳይለቁ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

የሚኖሩበት ከተማ ለጅማሬ የተመቸ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የመርከብ ተሳፋሪዎችን ዝርዝር መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1820 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የመጡትን ማግኘት አድካሚ ነው። የፔንሲልቬኒያ ጀርመኖች ግን ለየት ይላሉ፤ ከ1727 ጀምሮ ከራይን ወንዝ አካባቢ ተነሥተው በሮተርዳም በኩል ፊላዴልፊያ የሚደርሱ፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወንዶች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝ ለመሆን ምለው እንዲፈርሙ ይደረግ ነበር። አንዱን ሰው በመርከቡ ካፒቴን የተሳፋሪዎች ዝርዝርና በመሐላው ሰነድ ላይ ጎን ለጎን ያስተያዩት፤ በካፒቴኑ ዝርዝር ላይ ያለው ስም ብዙውን ጊዜ ጀርመንኛ የማያውቅ ሰው በጆሮው እንደሰማው የጻፈው ሲሆን፣ በመሐላው ላይ ያለው ግን የሰውየው የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። መጻፍ የማይችለው ደግሞ ጸሐፊው በከተበለት የራሱ ስምና የቤተሰቡ ስም መካከል ምልክቱን ያኖራል።

ሚስቶችና ሕፃናት ስለማይፈርሙ የሚፈለጉት በትውልድ መንደራቸው የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ኩረንት የተባለውን የጥንት ጀርመንኛ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግድ ይላል። ወንድማማቾች ሁሉ ዮሐን ተብለው ተጠምቀው በሁለተኛ ስማቸው ብቻ መጠራታቸው የተለመደ ስለነበር፣ ሁለት ዮሐን ሚለሮችን አንድ ሰው ማድረግ ጀማሪዎች ዘወትር የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ ከዛሬው የፈረንጆች አቆጣጠር በቀናት ወደ ኋላ በሚቀረው በጁሊያን አቆጣጠር መጠቀማቸው ሌላው ችግር ነው፤ መስከረምንና ጃንዋሪን ሲያስማማ ለኖረ ኢትዮጵያዊ ግን ይህ ብዙም አያስደነግጥም።

የሙያ ማረጋገጫን በተመለከተ፣ በ1964 የተቋቋመው የአሜሪካ የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማረጋገጫ ቦርድ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሚመዝነው የቀረበለትን የሥራ ናሙና ነው። ስለዚህ ለኮርስ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በ1740ዎቹ የደረሰ አንድ ቤተሰብ መርጠው እስከ ትውልድ መንደሩ ይከተሉትና፣ መደምደሚያዎን የሚቃረነውን ማስረጃ ጭምር ሳይሸሽጉ በጽሑፍ ያቅርቡ።

ደንበኛ ሲመጣም ክፍያውን በተገኘው ውጤት ሳይሆን በሠሩበት ሰዓት ይዋዋሉ፤ መዝገብ አገላብጦ የሚፈለገውን ስም ማጣትም የሚከፈልበት ሥራ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።