55 ሜትሩ ከየት መጣ?

በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ እንቅፋት ካየበት ቅጽበት አንሥቶ እስኪቆም ስንት ሜትር እንደሚሄድ የሚጠይቀውን የፊዚክስ ጥያቄ ሲሠሩ 40 ሜትር አግኝተው፣ ትክክለኛው መልስ 55 ሜትር የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። ልዩነቱ የመጣው፣ ሾፌሩ እንቅፋቱን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያለፈውን 0.75 ሴኮንድ ስለዘለሉት ነው።

በዚያች ቅጽበት መኪናው ፍጥነቱን ገና ስላልቀነሰ፣ በሴኮንድ 20 ሜትር (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት ነው) እየተጓዘ 20 × 0.75 = 15 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ግን ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በ5 ሜትር በሴኮንድ ስለሚቀንስ፣ የ20ን ስኩዌር ለ5 ሁለት እጥፍ ሲያካፍሉ 400 ÷ 10 = 40 ሜትር ያገኛሉ፤ ይህን ክፍል በትክክል ሠርተውታል።

ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሞ ካጋጠመኝ ስሕተት ይጠንቀቁ፦ ጥያቄው ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርገው 55ን በሁለት አባዝተው 110 አይጻፉ። 15ቱ 30 ብቻ ሲሆን 40ው በፍጥነቱ ስኩዌር የሚወሰን በመሆኑ አራት እጥፍ አድጎ 160 ስለሚደርስ፣ መኪናው የሚቆመው 190 ሜትር ከሄደ በኋላ ነው።